ወርሃዊ በዓልን ስልክ ላይ ስትሞሉ «በየወሩ» አትበሉ

የታመመ መጠየቅ፣ አቅም ያነሳቸው ዘመድ ጋ ብቅ ማለት፣ ያኮረፈ ወንድም ጋ መደወል። ሁሉንም «ዛሬ ነገ» እያልን እናሳድረዋለን። እያንዳንዱን ከአንድ ወርሃዊ በዓል ጋር እሰሩት። በ7 አራት ኪሎ ሥላሴን ስትሳለሙ፣ እግረ መንገዳችሁን እዚያው ሰፈር ያሉትን አክስት ጠይቁ። በ17 እስጢፋኖስ፣ በ23 ፒያሳ ጊዮርጊስም እንደዚያው። ጠዋት ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሲሞላው ቀኑ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ሥራ ላይ ሆናችሁ ቀን ለሚምታታባችሁ ደግሞ ስልኩ አለ። ግን «በየወሩ ይደገም» የሚለውን እንዳትነኩ። የስልኩ ካላንደር የፈረንጅ ነው፤ ወሩ አንዴ 30፣ አንዴ 31፣ የካቲት አካባቢ ደግሞ 28 ይሆናል። እናም በዓሉ ካለፈ በኋላ ወይ ሳይደርስ ይጮህባችኋል። «በየ30 ቀኑ» በሉት። የእኛ ወር ሁሌም 30 ስለሆነ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ዝንፍ አይልም። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ጨምራ ታዛባዋለች፤ ስለዚህ መስከረም ላይ እንደ አዲስ ሙሉት።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ (ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ካልሆኑ) ወተትና እንቁላል ይዛችሁ አትሂዱ። ብርቱካን ይበቃል።

ለለቅሶ ግን ይህ አይሠራም፤ በሰማችሁበት ቀን ሂዱ።