ከጅማ ወደ ብራዚሊያ፦ መንገዷ በቁጥር የሚጠራ ከተማ እንዴት ይጎበኛል?

ጅማ ላይ ቤት መጠቆም ቀላል ነው። «ፈረንጅ አራዳ፣ ከባንኩ ጎን ባለችው ቅያስ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» ካሉት ባጃጁ ያደርሳል። የብራዚል ዋና ከተማ ብራዚሊያ ላይ ግን አጂፕም መርካቶም የሚባል ሰፈር የለም፤ አድራሻው ፊደልና ቁጥር ነው። «ኮንክሪት ብቻ ናት፣ ማታ ሰው አይታይባትም» እያለ የሚመለስ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ ማንበብ ሳይለምድ ሆቴሎች በተደረደሩበት ክልል ታጥሮ የከረመ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የያዘው አድራሻው ነው፤ ሌላው በአጭሩ ያልፋል።

ጽሑፉ ለማንኛውም ተጓዥ ይሆናል። የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ለይቶ የሚመለከተው ነገር በየቦታው ተጠቅሷል። እዚያ ሕግ የሚጠብቀው ግንኙነት እዚህ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ዝግጅቱም እንደዚያው ይለያል።

ወሩን መምረጥ

የብራዚሊያ ክረምትና በጋ ከጅማ ጋር የተገለባበጠ ነው። ጅማ ጭቃ በሚሆንበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ እዚያ ጠብታ አይወርድም፤ ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። የሚመረጠው ግንቦትና ሰኔ ነው፦ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ገና ያልደረቀ። ነሐሴ ላይ ኢፔ የሚባሉት ዛፎች ቢጫ አበባ ስለሚያወጡ ከተማዋ ታምራለች፤ ነገር ግን የአየሩ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። በጅማ እርጥብ አየር የኖረ ሰው ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱን ያነስረዋል። ቫዝሊን ያዙ፣ ማታ እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ አንጥፋችሁ ተኙ፣ ውኃ ከእጃችሁ አይለይ። ከፍታው ግን አያስቸግርም፤ ብራዚሊያ 1,170 ሜትር ገደማ ስትሆን ጅማ ወደ 1,780 ትጠጋለች።

ቪዛ፣ ክትባት፣ ትኬት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለብራዚል ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው መጀመሪያ ኦንላይን ይሞላል፤ ከዚያ ባርኮድ ያለበትን ደረሰኝ አትሞ፣ ፈርሞ፣ ፎቶ ለጥፎ፣ ከባንክ መግለጫና ከጉዞ ማስያዣ ጋር አዲስ አበባ ላለው የብራዚል ኤምባሲ ማቅረብ ነው። ጥንዶች ብትሆኑም ማመልከቻችሁ የየራሳችሁ ይሁን፣ የየራሳችሁን የገንዘብ ማስረጃ አቅርቡ። የጋብቻ ሁኔታ ለሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሰነዳችሁ ላይ ያለውን ጻፉ። ቪዛው ስለ ፍቅር ሕይወታችሁ ምንም አይጠይቅም፤ እናንተም ለጉዞ ወኪሉ የምትነግሩበት ምክንያት የለም።

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይወሰድ። ቢጫ ካርዱ ለመሄድ ብቻ አይደለም፤ ብራዚል በሽታው ያለባት አገር ስለሆነች ስትመለሱም ቦሌ ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወይም በወልቂጤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ነው። በመኪና ከሆነ ዋዜማውን አዲስ አበባ እደሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ፣ ጓሩሊዮስ ኤርፖርት ይበራል፤ ከዚያ ብራዚሊያ ሁለት ሰዓት የማይሞላ የአገር ውስጥ በረራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው፣ ሳኦ ፓውሎ ሌላ ኤርፖርትም አላት፤ ኮንጎኛስ ይባላል፣ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ርካሽ ሲያገኙ ከኮንጎኛስ የሚነሳ ትኬት ይገዙና በትራፊክ መሀል በረራው ያመልጣቸዋል። ሁለተኛው፣ ሻንጣው እስከ ብራዚሊያ የሚል ወረቀት ቢለጠፍበትም ጓሩሊዮስ ላይ ራሳችሁ አንስታችሁ በጉምሩክ አልፋችሁ መልሳችሁ ማስረከብ አለባችሁ። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከሦስት ሰዓት ያነሰ አትተዉ፤ ትኬቶቹ ለየብቻ የተገዙ ከሆነ አምስት ይሁን።

ለስጦታ ቡና የሚይዝ የተቆላ ይያዝ። ጥሬ ቡና ዘር ስለሆነ የእርሻ ቁጥጥሩ ላይ ያስይዛል፤ በዓለም አንደኛ ቡና አምራች የሆነች አገር የሰው ቡና በሽታ እንዳይገባባት ትጠነቀቃለች። ቻርጀራችሁ ቀጭን ባለሁለት እግር ከሆነ ያለ ማስተላለፊያ ይገባል፤ ብራዚሊያም 220 ቮልት ነው።

የእጅ ሰዓቱን አትንኩት

ይህ ለሐበሻ ብቻ የተሰጠ ስጦታ ነው። ብራዚሊያ ከኢትዮጵያ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእኛ አቆጣጠርም ከሌላው ዓለም አቆጣጠር በስድስት ይለያል። ስለዚህ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ብራዚሊያ ላይ ሳይነካ ትክክል ይሆናል፦ ጅማ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው። ቤተሰብ ጋር ስትደዋወሉም ቁጥሩ አንድ ነው። የሚያሳስተው ጽሑፉ ነው፤ በር ላይ 14 ሰዓት ብለው ይጽፋሉ፣ ከቀኑ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው፣ የእኛው ስምንት ሰዓት።

አድራሻውን ማንበብ

ከተማዋ ኤፕሪል 21 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. የተመረቀች ናት። ፕሬዚዳንት ጁሴሊኖ ኩቢቼክ ያስገነቧት፣ ሉሲዮ ኮስታ ፕላኗን ያወጣላት፣ ኦስካር ኒማየር ዋና ዋና ሕንፃዎቿን የነደፈላት። ከላይ ስትታይ አውሮፕላን ትመስላለች። ገላዋ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው የመንግሥት መንገድ ነው። ሁለቱ ክንፎቿ መኖሪያ ናቸው፦ የደቡቡ ክንፍ «ሱል»፣ የሰሜኑ «ኖርቺ» ይባላል። በክንፎቹ መሀል ኤይሻው የሚሉት ፈጣን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ይህን ካወቃችሁ አድራሻው ራሱ ካርታ ይሆናል።

«308 ሱል» የሚለውን እንውሰድ። ሱል ማለት ደቡብ ክንፍ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች፣ 08፣ ከመሀል ከተማ ወደ ክንፉ ጫፍ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራሉ፤ 01 ከመሀሉ አጠገብ ነው፣ 16 ጫፍ ላይ። የመጀመሪያው አኃዝ፣ 3፣ ከኤይሻው በየትኛው ጎንና በምን ያህል ርቀት እንዳለ ይናገራል። በጎዶሎ አኃዝ የሚጀምሩት ሁሉ፣ 100፣ 300፣ 500፣ 700፣ 900፣ ከመንገዱ በስተ ምዕራብ ናቸው። በሙሉ አኃዝ የሚጀምሩት፣ 200፣ 400፣ 600፣ 800፣ በስተ ምሥራቅ ሆነው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። 100 እና 200 መንገዱን ተጎራብተው ይቆማሉ፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ከመንገዱ ይርቃል። እንግዲህ 308 ሱል ማለት በደቡብ ክንፍ፣ ከኤይሻው በምዕራብ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከመሀል ስምንተኛው ማለት ነው። ከዚያ ብሎኩ በፊደል፣ ቤቱ በቁጥር ይመጣል።

ወረቀት ላይ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ፊደል ታያላችሁ። ኤስ-ኪው-ኤስ ከሆነ የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ ሲ-ኤል-ኤስ ከሆነ በሰፈሮቹ መካከል ያለ የሱቆችና የምግብ ቤቶች ረድፍ። የመጨረሻው ፊደል ኤስ ደቡብ፣ ኤን ሰሜን ነው። ጉዱ ያለው ይህች አንዲት ፊደል ላይ ነው። 109 ሱልም አለ፣ 109 ኖርቺም አለ፤ ስልካችሁ ላይ ኤስ በማለት ፈንታ ኤን ከጻፋችሁ ታክሲው በደስታ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ክንፍ ይወስዳችኋል። ለሾፌር ስትናገሩ ፊደሎቹን ተዉአቸው፤ ቁጥሩንና ሱል ወይም ኖርቺ የሚለውን ብቻ ተናገሩ፣ አገሬው የሚለውም እንደዚያው ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ «ከ102 እስከ 116 እኮ አሥራ አራት ሰፈር ነው፣ በእግር ይሁን» አትበሉ። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜትሮውም ደቡቡን እንጂ ሰሜኑን ክንፍ አያገለግልም፤ ለኖርቺ አውቶቡስ ወይም የስልክ ታክሲ ነው።

መሻገር

ኤይሻው ላይ መብራትም ዜብራም የለም። ከሥሩ በተቆፈረው መተላለፊያ ሂዱ፤ ከመሸ በኋላ ጨለማ ስለሚሆን ታክሲ ይሻላል። በሌሎቹ መንገዶች ግን ዜብራው ጋር ደርሳችሁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ መኪናው ይቆማል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማዋ ኩራት ነው። ጅማ ላይ የሚሞክረው የለም።

የት ማደር

ሆቴሎቹ ከቴሌቪዥን ማማው ግራና ቀኝ በተከለለላቸው ቦታ ተከማችተዋል፤ በፕላኑ መሠረት ሆቴል ከሆቴል፣ ባንክ ከባንክ ጋር ነው። ቀን ለጉብኝት ይመቻል፣ ማታ ግን ጭር ይላል፤ ለእራትና ለመጠጥ ወደ ክንፎቹ ሂዱ። ፖለቲከኛውና ባለጉዳዩ ከሐሙስ በኋላ ስለሚበተን ዋጋው ቅዳሜና እሑድ ይወርዳል። ዓርብ ገብቶ ሰኞ መውጣት አዋጪ ነው።

ጥንዶች ስትይዙ «ካማ ጂ ካዛው» በሉ፣ የጋራ አልጋ ማለት ነው። ዝም ካላችሁ ሁለት ወንድ ወይም ሁለት ሴት ሲያዩ ሁለት ነጠላ አልጋ ያለበት ክፍል ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ ክፋት ሳይሆን ግምት ነው። ብራዚል ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ ይፈጸማል፤ በ2019 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ምክንያት ማግለልን በዘረኝነት ሕግ እንዲያስቀጣ ወስኗል።

ክፍያ በስልክ የሚሆነው «ፒክስ» የአገሬው የባንክ ሒሳብ ይፈልጋል፤ ካርድና ጥቂት ጥሬ ሪያል ያዙ።

ምን፣ በምን ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ማማው። በ75 ሜትር ላይ ያለው መመልከቻ የአውሮፕላኑን ቅርጽ አንዴ ያሳያችሁና ሌላው ይቀላል። ከሥሩ የእጅ ሥራ ገበያ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ይሟሟቃል።

ከማማው እስከ ሦስቱ ሥልጣናት አደባባይ በእግር መሄድ ካርታው ላይ ያጓጓል፤ ጥላ የሌለው ረጅም መንገድ ነው፣ አትሞክሩት። እስከ ካቴድራሉ በታክሲ ሂዱ። 16 የታጠፉ ዓምዶች ያሉት፣ በጨለማ መተላለፊያ ወርደው ገብተው በድንገት ብርሃን ውስጥ የሚወጡበት ቤት ነው። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን በሚኒስቴሮቹ መሀል ወደ ምክር ቤቱ ተራመዱ፤ ፎቶ የሚያምረው ያኔ ነው። መንትዮቹ 28 ፎቅ ማማዎች፣ በአንድ በኩል የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን፣ በሌላው አፉን ወደ ላይ የከፈተ። የተደፋው ሴኔቱ ነው። ከጎን ያለውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ኢታማራቺን፣ አትለፉት፤ መደገፊያ የሌለው ጠመዝማዛ ደረጃው ብቻ ጉብኝቱን ያዋጣል።

702 ሱል ያለውን የዶም ቦስኮ ቤተ ክርስቲያን ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል እዩ፤ ግድግዳው በሙሉ ሰማያዊ ብርጭቆ ነው፣ ምሽቱ ሲቃረብ ውስጡ እንደ ውኃ ይሆናል።

እሑድ ለ308 ሱል ትሁን። ኤይሻው በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 6 ለመኪና ይዘጋና እግረኛና ብስክሌተኛ ይይዘዋል። ሰፈሩ ውስጥ ስትገቡ አጥር ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። ፎቆቹ በዓምድ ላይ ቆመዋል፣ ምድር ቤት ክፍት ነው፣ በማንም ቤት ሥር አልፋችሁ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ፤ ውሻ አይጮህም፣ ዘበኛ «ወዴት ነው?» አይልም። አጠገቡ በ1958 የተሠራችው ትንሿ የፋጢማ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ግድግዳዋ የአቶስ ቡልካው ሸክላ ንጣፍ ነው።

ማታ

ብራዚሊያ «የግብረ ሰዶማውያን ሰፈር» ብሎ የተለየ ቦታ የላትም፤ ሕይወቱ ከሰፈሮቹ መሀል ባሉ የሱቅ ረድፎች ተበትኗል። የሚታወቀው 109 ሱል ያለው ቤይሩቺ ነው፤ ከ1966 ጀምሮ የዓረብ ምግብና ቀዝቃዛ ቢራ የሚያቀርብ፣ ቤተሰቡም፣ ተማሪውም፣ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችም ውጭ ባሉት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት። እጅ ለእጅ ተያይዞ መቀመጥ እዚያ ማንንም አያዞርም። በዋናው አውቶቡስ ጣቢያና በአጠገቡ ባለው የኮኒክ ሕንፃ ዙሪያ፣ እንዲሁም በከተማው ትልቅ መናፈሻ የመኪና ማቆሚያዎች ከመሸ በኋላ ግን ለማንም አይመከርም፤ የሚያሰጋው ዝርፊያ ነው።

በስልክ አፕ ከተዋወቃችሁት ሰው ጋር መጀመሪያ ሰው በበዛበት ተገናኙ፣ መጠጣችሁን ትታችሁ አትነሱ። መጠጥ ውስጥ ማደንዘዣ ጨምሮ መዝረፍ በብራዚል ስም የወጣለት ወንጀል ነው።

መመለሻው

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ የስልኩ ነገር ሳኦ ፓውሎ ላይ፣ አውሮፕላን ከመግባታችሁ በፊት ይለቅ። አፖቹን አጥፉ፣ ፎቶዎቹን ከስልኩም ከ«በቅርቡ የተሰረዙ» ማኅደርም አውጡ፣ ከቤተሰብ ጋር የምትጋሩት የፎቶ አካውንት ካለ ራሱ እየጫነ እንዳይልክ ከጉዞው በፊት ዝጉት። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው የራስ ስልክ አይደለም፤ ቤይሩቺ ላይ አብሯችሁ የተነሳ ወዳጅ ስማችሁን ለጥፎ የሚያወጣው ፎቶ ነው። ፎቶው ሳይነሳ በፊት ንገሩት፤ ፌስቡካችሁም ሳትፈቅዱ ስም እንዳይለጠፍበት አስተካክሉት። ቢጫ ካርዱን ደግሞ ባስረከባችሁት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት።