ቁርጥማት ያለበት ሾፌር በደሴና በኮምቦልቻ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ መኪና መንዳት ጤነኛ ጉልበትንም ይፈትናል። ከተማው ጦሳ ሥር ስለተቀመጠ አቀበትና ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ ካላችሁ ደግሞ ሀረጎ አለ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ፣ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ መውረድ ነው፤ ያውም በጠመዝማዛ። በዚህ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ሲጨመርበት «በቃ፣ ቁልፉን ለልጆቹ ሰጠሁ» የሚል ሰው ይበዛል።

አብሽሩ። ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ይጣራ፦ የታመመው መገጣጠሚያው ብቻ ነው ወይስ መኪናውም ታሟል? የጠጠረ ፍሪሲዮንና የከበደ መሪ ደህና የነበረ አንጓም ያሳምማሉ። ሐኪም ዘንድ ስለ ጉልበታችን እናወራለን፤ ጋራዥ ስለ መኪናው እናወራለን። ሁለቱን አገናኝቶ የሚያይልን የለም። እዚህ እናገናኛቸው።

«ፍሪሲዮን ስረግጥ ግራ ጉልበቴን ይወጋኛል»

የአገራችን ሾፌር ዋናው እሮሮ ይሄ ነው። ሀረጎን ስትወጡ ከፊታችሁ የተጫነ ሲኖትራክ ካለ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ እንደገና አንደኛ እያላችሁ ነው የምትሄዱት። ጉልበቱ የሚቆጥረው እያንዳንዷን ርግጫ ነው።

መጀመሪያ ወንበሩን እዩ። ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት። ቀጥ ካለ ወንበሩ ርቋል ማለት ነው፤ ያኔ ዳሌያችሁም ከመቀመጫው እየተነሳ ይረግጣል። ጉልበታችሁ መሪው ሥር የሚገባ ከሆነ ደግሞ በጣም ቀርቧል። ዳሌ ከጉልበት ዝቅ ካለ መቀመጫው ላይ ጠንካራ ስፖንጅ ጨምሩ። ይሄ ገንዘብ አያስወጣም ማለት ይቻላል፤ የሚሞክረው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ ራሱ። ተመሳሳይ ሞዴል መኪና ያለው ጎረቤት ለምኑና የሱን ረግጣችሁ አወዳድሩ። የእናንተው ግልጽ ሆኖ ከከበደ፣ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ካቦው ደርቆ ወይም ተተርትሮ ሊሆን ይችላል። መቀየሩ ከባድ ሥራ አይደለም። ካቦው ደህና ከሆነ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) አልቆ ይሆናል፤ ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፔዳሉ እየከበደ ይመጣል። ቀስ እያለ ስለሚከብድ ሾፌሩ አይነቃበትም፤ ሁሉን ነገር በዕድሜው ያሳብባል።

ሦስተኛው ልማድ ነው። አቀበት ላይ ስትቆሙ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ ማንጠልጠል። ሸራም ይበላል፣ ጉልበትም ይበላል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ እግራችሁን አንሱ። ከኋላ ያለው ክላክስ ቢያደርግ ያድርግ። የእጅ ፍሬኑን ማንሻ መሳብ አንጓችሁን ካሳመመው፣ ጫፉ ላይ ያለውን መጫኛ ተጭናችሁ በሁለት እጅ ሳቡት፤ ብዙ ጥርስ ቆጥሮ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ መካኒክ ያጥብቀው።

«ቁልቁለት ላይ ቀኝ እግሬ ይዝላል»

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሀረጎን በፍሬን ብቻ መውረድ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ሙሉውን መንገድ ተጭኖ ይቆያል። ፍሬኑም ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻ እምቢ ይላል። በማርሽ ውረዱ። ማንዋል ከሆነ ስትወጡ የተጠቀማችሁበትን ማርሽ ስትወርዱም ያዙት። አውቶማቲክ ከሆነ ከዲ ወደ ሁለት፣ ወደ ኤል ወይም ወደ ቢ አውርዱት፤ እነዚያ ፊደሎች ለጌጥ አልተጻፉም። ማርሹን ነፃ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መውረድ ለማንም አይመከርም፤ እግሩ ለሚያመው ሰው ግን ጭራሽ።

በማርሽ ወርዳችሁም ፔዳሉ ከጠጠረ የፍሬን አጋዡን ፈትሹ። ሞተሩን አጥፉና ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ይጠጥራል። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ አጋዡ ይሠራል። ካልተነቃነቀ አጋዡ ወይም ከሞተሩ የሚመጣለት ቱቦ ተበላሽቷል፤ በዚያ መኪና ሀረጎን አትውረዱ። አጋዡ በአየር ግፊት ልዩነት ስለሚሠራ፣ ቤንዚን መኪና ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ ትንሽ ጠጠር ማለቱ ያለ ነው። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ እግር የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ከፍታው አይደለም።

«መሪ ሳዞር አንጓዬና ትከሻዬ ይሰበራል»

መጀመሪያ ጎሚስታ። የጎማ ነፋስ ማነስ መሪን ያከብዳል። ትክክለኛው ቁጥር ሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ለትንንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። ጎማው ሳይግል አስለኩት። ነፋሱ ትክክል ሆኖ ከከበደ የመሪ ዘይቱን እዩ። ሲዞር የሚጮህ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል ወይም ቺንጊያው ላልቷል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምልክት ይበራል።

መኪናው ቆሞ መሪ አታዙሩ። ጎማው ትንሽ ይንከባለል፣ ከዚያ ይዞራል። መሪውን ደግሞ ጨምቃችሁ አትያዙት። ቀጭን መሪ ለታመመ ጣት ከባድ ነው፤ ወፈር ያለ የመሪ ልብስ አልብሱት፤ ግን እጅ ላይ የሚሽከረከር ልብስ ከምንም ይብሳል፣ በደንብ ይጥበቅ።

«ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም»

የደሴ ብርድ ያባብሰዋል። እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆዩ፣ ጣታችሁን እያጠፋችሁ ዘርጉ፣ ከዚያ ውጡ። ቁልፍ መጠምዘዝ ካቃተ ቁልፉ ላይ ወፍራም እጀታ አሠሩ።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ጠዋት ቢያደርቅም ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ፣ ሁለቱንም እጅ የያዘና ያሳበጠ ከሆነ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ መገጣጠሚያውን ሳያበላሽ የሚያዘገየው መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ደሴ ሆስፒታል ወይም ቦሩ ሜዳ ሂዱና ተመርመሩ፤ ቅባት እየቀቡ ዓመት መቁጠር አይገባም።

«አንገቴ ወደ ኋላ አይዞርም»

ስፖኪዮ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ክብ መስታወት ግዙ። የኋላ ካሜራ ከተቻለ ይበልጣል። ማታ ስትገቡ መኪናውን በኋላ አስገቡት። ያኔ ሰውነት ሞቋል፤ ጠዋት በደረቀ አንገት ወደ ኋላ ከማየት ያድናችኋል።

«መግባትና መውጣት ጭንቅ ነው»

አንድ እግር አስቀድማችሁ አትግቡ። በጀርባ ቀርባችሁ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ አዙሩ። መቀመጫው ላይ ፌስታል ብታነጥፉ ሰውነት በቀላሉ ይዞራል፤ ስትነዱ ግን አውጡት፣ ፍሬን ሲያዝ ያንሸራትታል።

ዳገት ላይ የቆመ መኪና በር የራሱ ጸባይ አለው። አፍንጫው ወደ ላይ ከሆነ በሩ እግራችሁ ላይ ይዘጋል። ወደ ታች ከሆነ ተከፍቶ ይሄዳል፣ ለመመለስ የታመመ ትከሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስትወርዱ በሩን እንደ ምርኩዝ አትደገፉት። መዝጊያው ላይ መጎተቻ ገመድ እሰሩ። ልጅ ካለ «ና እስቲ በሩን ያዝልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ረጅም መንገድ

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ወገብ ላይ የተጠቀለለ ጋቢ አድርጉ፤ በየሰዓቱ ወርዳችሁ ተንቀሳቀሱ። ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፦ ማረፊያ አይጠፋም።

መድኃኒት

ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ያደነዝዛል፤ እሱን ወስዳችሁ አትንዱ። ሌላው ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ አብዛኛውን ሰው አያስተኛም፤ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፍላጎት በየቀኑ የሚገዛ አይደለም። ሪህ የእግር አውራ ጣትን አሳብጦና አቅልቶ በሌሊት ከተነሳ ደግሞ ያን ቀን አትንዱ። መለኪያው አጭር ነው፦ አንድ ሕፃን ድንገት መንገድ ቢገባ ሳላመነታ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል እረግጣለሁ? መልሱ ጥርጣሬ ካለበት ቁልፉ ይቀመጥ።

ሁሉ ተስተካክሎም ካመመ፦ መኪናውን መቀየር

ለእኛ መልክዓ ምድር ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ግራ እግር ነፃ ይወጣል፣ ቀኝ እጅም ከማርሽ ይገላገላል። ያለውን ማንዋል ወደ አውቶማቲክ አስቀይራለሁ ከማለት ሸጦ አውቶማቲክ መግዛት ይሻላል።

ኤሌክትሪክ መኪናም ይታሰብ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ምርጫው እዚያ ሰፍቷል። ፍሪሲዮን የለም። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ቁልቁለት ላይ እግር ያርፋል። ጥንቃቄው ይሄ ነው፦ ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ከወጣችሁ መኪናው የሚመልሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው በደንብ አይዝም። ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉት። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነም አንዳንዶቹ ላይ ጉልበት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ልትገዙ ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ መገጣጠሚያው በደረቀበት ሰዓት ግቡና ውጡ።

ከዚህ ያለፈው ልዩ ዕቃ ነው። በእጅ የሚሠራ ፍሬንና ነዳጅ አለ፤ ሲገፋ ፍሬን ይይዛል፣ ሲሳብ ነዳጅ ይሰጣል። እግሩ ብቻ ለታመመ ሰው ግሩም ነው። ጣቱና ትከሻውም ለታመመ ሰው ግን ሸክሙን ከጉልበት ወደ አንጓ ማዛወር ነው። ቀኝ እግር ብቻ ለታመመ የነዳጅ ፔዳሉን ወደ ግራ የሚያዛውር ዕቃ አለ፤ ያን መኪና ቤተሰብ የሚጋራው ከሆነ ግን አደገኛ ነው፣ የለመደው እግር በስህተት ይረግጣል። መሪ ላይ የሚታሰር ክብ መያዣም አለ፤ በአንድ እጅ ለማዞር ይረዳል።

ዕቃው ከውጭ ሲታዘዝ በግራ መሪ ለሚነዳ መኪና የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። በብሎን የሚታሰር ይሁን። በያጅ ጋ ሄዶ የፍሬን ፔዳል ላይ ብረት ማስበየድን እርሱት፤ ያ ብየዳ ቢለቅ የሚለቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

ለአካል ጉዳተኞች ያለውን የቀረጥ ነፃ ዕድል ያሰበ ሰው ከሻጭ ወሬ አይነሳ። ኮምቦልቻ የጉምሩክ ቅርንጫፍ አለ። የሕክምና ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና እናንተን ይመለከት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደሚፈቀድና በኋላ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።