በሥራ ቪዛ ከመጓዛችሁ በፊት የፓስፖርታችሁን ማብቂያ ቀን ተመልከቱ

በሥራ ቪዛ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አሜሪካ ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ፓስፖርታችሁ ከሥራ ውላችሁ ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነ፣ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሳታሳድሱ ጉዞ እንዳትጀምሩ አደራ እላለሁ። ካናዳ የሥራ ፈቃድን ከፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን አሳልፋ አትሰጥም፤ ስለዚህ ውሉ የ2 ዓመት ቢሆንም ፓስፖርቱ 9 ወር ብቻ ከቀረው ፈቃዱም በዚያው ያጥራል፣ ለማራዘምም እንደገና ማመልከትና መክፈል ይጠይቃል።

የአሜሪካው ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ስህተቱ በቀላሉ አይታይም። የቆይታን ልክ የሚወስነው ቪዛው ላይ የታተመው ቀን ሳይሆን፣ ስትገቡ የሚመዘገበው አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። ኤች-1ቢ የተባለው የባለሙያዎች የሥራ ቪዛ ለ3 ዓመት የጸደቀለት ሠራተኛ እንኳ እስከ ፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል፤ በኋላ ፓስፖርት ማደሱ ብቻውን ይህን ቀን አያራዝመውም። ቀኑ ሳያልፍ አሠሪው የማራዘሚያ ማመልከቻ ማስገባት፣ ወይም ሠራተኛው ወጥቶ በአዲሱ ፓስፖርት መመለስ ይኖርበታል። በገባችሁ ዕለት መዝገቡን ከአይ-94 ድረ ገጽ አውጥታችሁ አንብቡ።

ቪዛው በአሮጌው ፓስፖርት ላይ ከተለጠፈና ጊዜው ካላለፈ አሜሪካ ትቀበለዋለች፤ ሁለቱንም ፓስፖርቶች ያዙ፣ ቪዛውን ግን ፈጽሞ አትላጡት።