ኮን ዳኦ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የቬትናም ደሴት ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ፉኩዎክ ይሮጣል። አይፈረድበትም። የሀገሪቱ ትልቁ ደሴት ነው፤ ሆቴሉም መዝናኛውም ሞልቷል። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ኮን ዳኦ ነው። በደቡብ ባሕር ላይ የተበተኑ 16 ደሴቶች ናቸው። ትልቋና ከተማ ያለባት ኮን ሶን ትባላለች። አሸዋው ነጭ፣ ባሕሩ ጥርት ያለ፣ ከኋላው ደን የለበሰ ተራራ። እዚሁ ውበት መሀል 113 ዓመት የቆየ እስር ቤት ነበር። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው አንዱን አይቶ ሌላውን ከመርሳት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃኖይ አርፎ "ደረስኩ" ማለት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2025 ጀምሮ ሃኖይ ይበርራል። ግሩም ነው። ግን ሃኖይ ሰሜን ነው፣ ኮን ዳኦ ደቡብ። ሆ ቺ ሚን ከተማ ለመድረስ ብቻ ሁለት ሰዓት ትበራላችሁ። ከዚያ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሌላ በረራ አለ። በደቡብ ካለችው የወደብ ከተማ ከቩንግ ታው በፈጣን ጀልባ መሄድም ይቻላል፣ ግን ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባው ይቀራል። ስለዚህ የመመለሻ ትኬታችሁን ከደሴቷ በምትወጡበት ቀን አትቁረጡት። አንድ ቀን ትርፍ ያዙ።

"ደሴት ቪዛ አይጠይቅም" ብሎ መተማመን

ይሄ ወሬ መሠረት አለው። ፉኩዎክ ብቻ ለሚሄድ የውጭ ዜጋ 30 ቀን ያለ ቪዛ ይፈቀዳል። ግን ሌላ የቬትናም ከተማ ገብቶ መዞር አይቻልም፣ ኮን ዳኦንም አይመለከትም። መፍትሔው ቀላል ነው። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ቬትናም ለሁሉም ሀገር ዜጎች በኢንተርኔት ቪዛ ትሰጣለች፤ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳታጎድሉ ጻፉ። እኛ ስማችንን በእንግሊዝኛ በአሥር ዓይነት የምንጽፍ ሰዎች ነን፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ለሁሉም ደሴት አንድ ወቅት መምረጥ

ፉኩዎክ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ኮን ዳኦ ደግሞ ባሕሩ የሚረጋው ከመጋቢት እስከ መስከረም አካባቢ ነው። ለገና ዕረፍት የሄደ ሰው ሰሜን ምሥራቁ ንፋስ ሲቀበለው "ፎቶው ላይ እንዲህ አልነበረም" ይላል። በሰሜን ያለችው ካት ባ ደግሞ በጥርና በየካቲት ሹራብ ታስለብሳለች።

እስር ቤቱን "ሰዓት ከተረፈን" ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ዳም ትራው ዳርቻ ተኝቼ፣ አውሮፕላን ከራሴ በላይ ዝቅ ብሎ ሲያርፍ እያየሁ ዋልኩ። እስር ቤቱን ለመጨረሻዋ ግማሽ ቀን ተውኩት። አልበቃኝም።

ፈረንሳዮች ቦታውን እስር ቤት ያደረጉት በ1862 ነው። ከነሱ በኋላ የደቡብ ቬትናም መንግሥት ተረከበው። የተዘጋው በ1975 ነው። የሞተው ሰው ወደ 20,000 ይጠጋል ይባላል። ከግቢዎቹ አንዱ ውስጥ "የነብር ቀፎ" የሚሏቸው 120 ጠባብ ክፍሎች አሉ። ጣሪያ የላቸውም፤ በጣሪያው ፋንታ የብረት ፍርግርግ ነው። ከላይ ደረጃ ወጥታችሁ ትቆማላችሁ። እግራችሁ ሥር፣ ወለሉ ላይ ሰው ይታሰር ነበር። ዘብ እናንተ በቆማችሁበት እየተመላለሰ ኖራ ከላይ ይበትንባቸው ነበር። እኔ ቁልቁል ሳይ መጀመሪያ የታወቀኝ የራሴ ጫማ ነው፤ የዘቡ ቦታ ላይ መቆሜ።

ዓለም ይህን ያወቀው በ1970 ነው። ከዚያ ወጥቶ የነበረ እስረኛ ካርታ ሥሎ ሰጠ። የአሜሪካ ኮንግረስ ልዑካን ካርታውን ይዘው የተደበቀችውን በር አገኟት። ፎቶ ያነሳው ወጣቱ ረዳት ቶም ሃርኪን ነበር፣ ኋላ የአዮዋ ሴናተር የሆነው።

ከተማው ፊት ለፊት ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ሰልፊ የሚነሣበት የድሮ ወደብ አለ፣ 914 ይባላል። ቁጥሩ ሲገነቡት አለቁ የሚባሉት እስረኞች ቁጥር ነው። ፎቶ አትነሡ አልልም። ቁጥሩን ግን እወቁት።

መቃብር ስፍራውን እንደ መናፈሻ ማየት

ሃንግ ዱኦንግ የእስረኞቹ መቃብር ነው። ከሁሉም የሚጎበኘው የቮ ቲ ሳው ነው። ፈረንሳዮች ላይ ቦምብ ወርውራ የተያዘች ልጅ ናት። በ1952 እዚሁ ደሴት ላይ ሲረሽኗት ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላትም። ብዙ ቬትናማውያን የሚመጡት ማታ ነው። ነጭ አበባ፣ ማበጠሪያ፣ መስታወት ይዘው። ወጣት ሴት ናትና ያስፈልጋታል ብለው። ስለት የሚያውቅ ሀበሻ ነገሩን ለመረዳት አስጎብኚ አያሻውም። ቁምጣና ካናቴራ ለባሕሩ ይቆዩ። ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ፣ የሚጸልይ ሰው ፊት ካሜራ አትደግኑ።

ኤሊ ላይ መብራት ማብራት

የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ባይ ካን የምትባለው ደሴት ላይ ሌሊት ይወጣሉ። ደህናው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂዎች እስኪጠሯችሁ ጠብቁ። የስልክ መብራት ካየች ሳትጥል ወደ ባሕሩ ትመለሳለች።

ሰማያዊውን ብር ማደናገር

20,000 ዶንግም 500,000 ዶንግም ሰማያዊ ናቸው። በጨለማ ኮኮናት ገዝቼ ትልቁን ሰጠሁ። ሻጯ እናት እየሮጡ መጥተው መለሱልኝ፤ እየሳቁብኝ። ሁሉም ሰው እንደሳቸው አይሆንም። ሁለቱን ለያይታችሁ ያዙ።

ጾም ላይ ሩዝና አትክልት አዝዞ መረጋጋት

ኑክ ማም የሚሉት የዓሣ ውኃ በአብዛኛው ወጥ ውስጥ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ። የማትበሉ ከሆነ "አን ቻይ" በሉ። የቡድሂስቶች የጾም ምግብ ማለት ነው፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም።

ለቤተሰብም ኑክ ማም አትግዙ። ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ ልብሳችሁን ደህና ሰንብት በሉት። ይልቅ የባንግ ፍሬ ግዙ፣ በጨው ወይም በስኳርና ዝንጅብል የተቆላ። የከተማውን መንገድ የሚያጠሉት ያረጁ ዛፎች ፍሬ ነው፤ እስረኞቹም ቅጠሉንና ፍሬውን እየለቀሙ ይበሉት ነበር። እኔ ለእናቴ ብዬ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ቦሌ ሲደርስ ባዶ ከረጢት ነበር።