ፒንጉ ይመልሳል፣ ገጹ ግን አይከፈትም

ባሕር ዳር ላይ ሰርቨር ለብዙ ደንበኛ ከፋፍሎ የሚያከራይ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ስሞታ ይኸው ነው። ፒንግ ማሽኑ ይመልስ እንደሆነ በትንሽ ፓኬት (የኔትወርክ ጥቅል) የሚጠይቅ ትዕዛዝ ነው። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ማሽን፣ የራሱ ኔትወርክ፣ የራሱ ዲስክ አለው። ከስር ያለው ዕቃ ግን የጋራ ነው። አንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች አንድ ሮቶ እንደሚጋሩት ማለት ነው። ስለዚህ ሕመሙ አንዱ ቤት ታይቶ መነሻው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቆማል

የጥምቀት ሰሞን ነበር። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የእንግዳ ስም ይመዘግባል፤ የመታወቂያ ፎቶ ሲጭን ግን ድርቅ ይላል። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። እኛ ሁለት ቀን ሙሉ ፋየርዎል ስንበረብር ከረምን። በከንቱ!

ምክንያቱ ኤምቲዩ፣ ማለትም ኔትወርኩ የሚያሳልፈው የፓኬት መጠን ጣሪያ፣ ነበር። ተከራዮችን የምንለየው የእያንዳንዱን ፓኬት በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ በሚልክ፣ ቪኤክስላን በሚባል ዘዴ ነው። የቆየው ዘዴ ቪላን ከ4094 በላይ ኔትወርክ አይለይም፤ ቪኤክስላን ግን 16 ሚሊዮን ገደማ ይለያል። በምላሹ እያንዳንዱ ፓኬት ላይ 50 ባይት ይጨምራል። 1500 የነበረው 1550 ይሆናል። 1500 ብቻ የሚቀበል ስዊች (ሰርቨሮችን የሚያገናኝ ዕቃ) መንገድ ላይ ካለ ትልቁን ፓኬት ዝም ብሎ ይጥለዋል።

ለማረጋገጥ ፒንግን ፓኬት እንዳይቆራርጥ አዝዛችሁ 1472 ባይት (ከአድራሻው መረጃ ጋር 1500) ላኩ፤ ቀጥሎ 1422 (1450)። ሁለተኛው ከመለሰና የመጀመሪያው ከጠፋ በሽታው ተገኘ። ሁለቱ ማሽኖች የተለያየ ሰርቨር ላይ መሆናቸውን ግን አስቀድማችሁ እዩ። አንድ ሰርቨር ላይ ካሉ ፓኬቱ ስዊቹን ስለማይነካ ፈተናው ያታልላችኋል።

መፍትሄ፦ ስዊቹ በእጃችሁ ከሆነ በመንገዱ ያለውን ፖርት ሁሉ ቢያንስ 1550 አድርጉት፤ የሚችል ከሆነ 9000። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ተከራይ ከሆናችሁ የማሽናችሁን ኤምቲዩ ወደ 1450 አውርዱ። ውስጡ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለያይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ካለ የእሱንም አውርዱ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ምልክት፦ ሥራ ሳይበዛበት ይንቀራፈፋል

ቶፕ የሚባለውን የማሽን ሥራ ማሳያ ትዕዛዝ ከፍታችሁ «ኤስቲ» የሚለውን ቁጥር ተመልከቱ። ማሽናችሁ ፕሮሰሰር ፈልጎ ተራ የጠበቀበት ጊዜ ነው። ከፍ ብሎ ከቆየ ጎረቤት እየተሻማችሁ ነው፤ ፕሮግራማችሁን አትውቀሱ። ቁጥሩን ከነሰዓቱ መዝግባችሁ ለአከራዩ ስጡ፤ ማሽኑን ወደ ሌላ ሰርቨር ያዛውረው።

ምልክት፦ ብዙ ተከራይ በአንዴ ይቆማል

አብዛኛውን ጊዜ የጋራው ዲስክ ሞልቷል። ካለው በላይ ቃል ተገብቶ ሁሉም ድርሻውን ሲጠቀም ይሞላል። መጀመሪያ ያረጁ ስናፕሾቶችን (ዲስኩ በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ የያዙ ቅጂዎችን) አጥፉ ወይም ዲስክ ጨምሩ። ተከራዩ ፋይል ስለሰረዘ ብቻ ቦታው ለጋራው አይመለስም፤ ማሽኑ ውስጥ ኤፍኤስትሪምን፣ የተሰረዘው ቦታ ባዶ መሆኑን ለዲስኩ የሚናገረውን ትዕዛዝ፣ ማስኬድ አለበት፣ ዲስኩም ያንን እንዲቀበል ተደርጎ መዋቀር አለበት። ከዚያ 80 በመቶ ሲደርስ የሚጮህ ማንቂያ አስገቡ።