አጭር መልእክት ሥራ እንዳያበላሽ እንዴት ይጻፍ?

የሥራ ግሩፕ ላይ «ሪፖርቱ ዛሬ ይላክ» የሚል መልእክት ይመጣል። አምስት ሰው «እሺ» ይላል። ማታ ሪፖርቱ የለም። አምስቱም «እሺ» ያሉት መልእክቱን ማየታቸውን ለመግለጽ ነው። አለቃው ግን ሥራው ባለቤት አገኘ ብሎ ነበር። በማግስቱ ቢሮው በኩርፊያ ይከፈታል።

አጭር መልእክት እወዳለሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ ቴሌግራም ማንበብ ማንም አይፈልግም። ከጓደኛ ጋር ግን የጎደለውን የሚሞላው ትውውቃችን ነው። ሥራ ላይ የሚያነበን ትናንት የተቀጠረ ሰው፣ የሌላ ክፍል ባልደረባ ወይም ደንበኛ ሊሆን ይችላል። እኛ ሦስት ሴኮንድ ስንቆጥብ እሱ ግማሽ ቀን ሊያባክን ይችላል።

1. መጀመሪያ አንባቢው ምን እንደሚያደርግ አስቡ

መልእክቱ ተነቦ የሚያልፍ ከሆነ እንዳሻችሁ አሳጥሩ። «ደርሻለሁ»፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ቢባል በቂ ነው። አንባቢው ተነስቶ ሥራ የሚጀምርበት፣ ገንዘብ የሚያወጣበት ወይም ቀጠሮ የሚይዝበት ከሆነ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ማሳጠርን ያስለመደን የቦታ ጥበት ነበር። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160፣ በግዕዝ ፊደል ደግሞ 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው። ዛሬ ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4,096 ሆሄ ይፈቅዳል። ቦታ የለም ማለት አይቻልም።

2. ምህጻረ ቃሉን ፍቱት

ምህጻረ ቃል ሲጻፍ ግልጽ የሚሆነው ለጻፈው ሰው ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን ለጋዜጣ ኃላፊዋ ርብቃ ብሩክስ በሚልኩት መልእክት መጨረሻ ላይ አልፎ አልፎ «ሎል» ብለው ይጽፉ ነበር፤ «ከብዙ ፍቅር ጋር» ማለት መስሏቸው። በሳቅ መፍረስን የሚገልጽ መሆኑን የነገረቻቸው እሷ ናት። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2012 በመርማሪ ጉባኤ ፊት ተናግራለች።

ይሄኛው ያስቃል፤ የሆስፒታሉ ግን አያስቅም። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 የተከለከሉ ምህጻረ ቃላት ዝርዝር አውጥቷል። ከነሱ አንዱ «ዩኒት» የተባለውን የመድኃኒት መለኪያ ለመግለጽ የሚጻፈው ነጠላ የላቲን ፊደል «U» ነው። በእጅ ሲጻፍ ዜሮ ይመስላል። 4 ዩኒት ኢንሱሊን 40 ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

የራሳችንም ምህጻረ ቃላት ከዚህ ነፃ አይደሉም። «ም/ቤት» ላይ ያለው «ም» ምክር ነው፤ «ም/ሥራ አስኪያጅ» ላይ ሲመጣ ምክትል ይሆናል። ስለዚህ በመልእክቱ ውስጥ መጀመሪያ ሲመጣ ሙሉውን ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ አሳጥሩት።

አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍም ከዚሁ ይመደባል። «ደንበኛው መጣ» ብላችሁ የላካችሁት «ደንበኛው መታ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የግዕዝ ኪቦርድ በነፃ ይጫናል። ጫኑት።

3. «እሺ»ን ለብቻዋ አትላኩ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። «እሺ» አንድም አየሁት፣ አንድም ተስማማሁ፣ አንድም እኔ እሠራዋለሁ ነው። ፊት ለፊት ስንነጋገር ድምፃችንና ፊታችን የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። ስክሪን ላይ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የአውራ ጣት ምልክትም እንደዚያው ነው። «ኦኬ»ም ከዚህ አይለይም።

ይህ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ካናዳ ውስጥ አንድ እህል ገዢ ድርጅት የተልባ ሽያጭ ውል ፎቶ በስልክ ልኮ ገበሬው እንዲያረጋግጥለት ጠየቀ። ገበሬው አውራ ጣት ብቻ መለሰ። ተልባው በቀኑ አልቀረበም፤ ዋጋውም በመሀል ወጣ። ገበሬው «ውሉ እንደደረሰኝ ብቻ ነው የገለጽኩት» አለ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 አውራ ጣቷን እንደ ፊርማ ቆጥረው ወደ 82,000 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ፈረዱበት። ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ ሰውየው ከዚያ በፊት ለመጡለት ውሎች በአንዲት አጭር ቃል ይመልስና እህሉን ያስረክብ የነበረ መሆኑ ነው። ልማዱ ተቆጠረበት ማለት ነው። እናንተም ሁልጊዜ «እሺ» ብላችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን «እሺ ያልኩት አይቼዋለሁ ለማለት ነው» ብትሉ ማን ይሰማችኋል?

መፍትሔው «እሺ» ላይ አንድ ግሥ መጨመር ነው። አይታችሁ ገና ካልወሰናችሁ፦ «አይቼዋለሁ፤ ነገ ጠዋት መልስ እሰጣለሁ»። ከተስማማችሁ፦ «በዋጋው ተስማምቻለሁ»። ልትሠሩት ከሆነ፦ «እሺ፣ እኔ እልከዋለሁ፤ ሐሙስ ከምሳ በፊት ይደርሳችኋል»። ይኸው ነው።

ላኪውም ግማሹን ጥፋት ይወስዳል። «ይላክ»፣ «ይስተካከል»፣ «ይታሰብበት» እያልን መጻፍ ለምዶብናል። ትሕትና ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ማን ይላከው? ማን ያስተካክለው? አምስት ሰው ባለበት ግሩፕ «ይላክ» ማለት ሥራውን ሜዳ ላይ መጣል ነው። ስም ጥሩ። «ሪፖርቱን ሂሳብ ክፍል ይልከዋል» እንኳ አይበቃም፤ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ጥሩ።

«እሺ» የሚል መልስ ከመጣላችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉ። «አመሰግናለሁ፤ እስከ ነገ ትልክልኛለህ ማለት ነው አይደል?» ብላችሁ አረጋግጡ። ሰውየውን አለማመን አይደለም፤ ሁለታችሁንም ከጭቅጭቅ ያድናል። ዋትስአፕ ላይ የሚታዩትን ሁለት ሰማያዊ ምልክቶችም እንደ መልስ አትቁጠሩ። መልእክቱ መከፈቱን ይናገራሉ እንጂ ሰውየው መስማማቱን አይናገሩም።

4. ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፋይሉን በስማቸው ጥሩ

«5/6» ለአንዱ የአምስተኛው ወር ስድስተኛ ቀን ነው፣ ለሌላው ተቃራኒው። የወሩን ስም ጻፉ። «ያ ፋይል» አትበሉ። «በቀኑ መጨረሻ» የሥራ መውጫ ነው ወይስ እኩለ ሌሊት? «በተቻለ ፍጥነት» ለማለት የሚጻፈውን የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል «ኤኤስኤፒ»ን እኔ ብችል ከሥራ መልእክት አስወጣው ነበር። አንባቢውን ያስጨንቃል እንጂ መቼ እንደሚፈለግ አይናገርም።

5. ቃና እና አክብሮት

ስናሳጥር መጀመሪያ የሚወድቀው አክብሮት ነው። አንቱ የምንላቸውን ታላቅ ባልደረባ ስልክ ላይ «ላክልኝ» ብንላቸው ቅር ይላቸዋል። እኛ ስለ ፋይሉ ነው የጻፍነው፤ እሳቸው ግን ንቀት ነው ያነበቡት። «ይላኩልኝ» ለማለት የሚጨመረው አንድ ፊደል ነው። እንዲሁም «ለምን?» ብቻዋን ስትመጣ ቁጣ ትመስላለች። «ምክንያቱን ብታስረዳኝ» በሉ። «ሰላም» ብሎ ጠፍቶ ሰው ማስጠበቅም አይገባም፤ ሰላምታውንና ጉዳዩን አንድ ላይ ላኩ።

ፈገግታ ጣል ማድረግ ይረዳል። ስኮት ፋልማን የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሥርዓተ ነጥብ የተሠራውን የፈገግታ ምልክት ያቀረበው፣ ባልደረቦቹ በጽሑፍ የሚለዋወጡት ቀልድ እንደ ቁም ነገር እየተወሰደ ስላስቸገረ ነው። ቅሬታና ተግሣጽ ላይ ግን ፈገግታ አትለጥፉ። ሹፈት ይመስላል።

6. አቋራጩን ስልኩ ላይ አድርጉት

ፍጥነት ለሚወዱ የምመክረው ይሄ ነው። የብዙ ስልኮች ኪቦርድ ማስተካከያ ውስጥ ቃል መተኪያ አለ። ሁለት ፊደል ስትጽፉ «አይቼዋለሁ፤ ነገ ጠዋት መልስ እሰጣለሁ» የሚለውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያቀርብላችኋል። እናንተ በአጭሩ ትጽፋላችሁ፣ አንባቢው ሙሉውን ያገኛል። የድምፅ መልእክትን ግን እንደ አቋራጭ አልመክርም። ስብሰባ ላይ ያለ ሰው አይከፍተውም፤ ከሳምንት በኋላም ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

7. ነገሩ ከተበላሸ

ሁለት መልእክት ተለዋውጣችሁ ካልተግባባችሁ ሦስተኛውን አትጻፉ፤ ደውሉ። የቀደመውን መልእክት ኤዲት አታድርጉት፤ አንብቦ ሥራ የጀመረ ሰው ለውጡን አያየውም። አዲስ መልእክት ላኩና የትኛውን እንደሚተካ ግለጹ። ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ የተስማማችሁበትን እዚያው ግሩፕ ላይ በአንድ መስመር አስፍሩ፦ «ከላይ ያለው ቀርቷል፤ ሪፖርቱን እኔ ረቡዕ ጠዋት እልካለሁ፣ እናንተ እስከ ማክሰኞ ቁጥሮቹን ትሰጡኛላችሁ»።