ከሦስት የሞቱ ቤዞች አንድ ቤዝ

አልጋዬ ስር ሦስት ቤዝ ጊታር ነበረኝ። አንዱም አይሰራም። የአንዱ አንገት ተጠማዟል፣ የሌላው ቦዲ፣ ማለትም የእንጨት ገላው፣ እርጥበት በልቶት ንብርብሩ ተላጧል፣ የሦስተኛው ውስጥ ደግሞ ተበርብሮ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ደሴ ውስጥ ሙዚቃ የሚነካካ ሰው ቤት ከገባህ እንዲህ ያለ ሬሳ አታጣም። አዲስ ልግዛ ካልክ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ አለ፣ ዋጋ ሰምቶ ባዶ እጅ መመለስም አለ። እኔ ሦስቱን በታትኜ አንድ ሰራሁ። አሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ የተበላሸብኝንም ጭምር።

ነገሩ የሚቻለው አንገቱ በቪቴ ስለሚታሰር ነው። ፌንደር በፈረንጆቹ 1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ አንገቱን በኮላ አላጣበቀውም፣ በአራት ቪቴ አሰረው። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝም እንደዚያው ነው። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ቤዞች አብዛኞቹ የእነዚህ የሁለቱ ቅጂ ናቸው። ስለዚህ የአንዱ አንገት ለሌላው ቦዲ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፣ ሁልጊዜ አላልኩም።

መጀመሪያ አንገት ፈልግ። ቦዲ ከእንጨት ትሰራለህ፣ የክሩን ድምፅ የሚይዘውን ፒክአፕ ትቀይራለህ፣ አንገት ግን እቤት ተቀምጠህ የምትሰራው ነገር አይደለም። እንደ ጠመንጃ አንስተህ በአንድ ዓይንህ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየው። ትንሽ ከጎበጠ አብሽር፣ ትራስ ሮድ የሚሉት ውስጡ ያለው ብረት ያቃናዋል። ብረቱ የሚዞር መሆኑን ግን በአለን ቁልፍ ሞክር። እንደ ተጨመቀ ፎጣ የተጠማዘዘ ከሆነ ተወው፣ በነጻ ቢሰጡህም ተወው።

ከዚያ ሜትር አውጣ። ክሩ ከመቃኛው ወርዶ መጀመሪያ የሚያርፍባት ትንሽ ነገር ነት ትባላለች። ፍሬት የሚሉት ደግሞ አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካውን ቀጭን ብረት ነው። ከነቷ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት መሃል ለካ። 432 ሚሊ ሜትር ከመጣ መደበኛው ረጅም ቤዝ ነው፣ እጥፉ 864 ነው፣ በኢንች 34። ወደ 381 ከመጣ አጭሩ ነው፣ ባለ 30 ኢንቹ። እጥፉ ማለት ከነት እስከ ብሪጅ፣ ማለትም ቦዲው ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ብረት፣ ያለው የክሩ ርዝመት ነው። ይቺን ቁጥር ግድግዳ ላይ በእርሳስ ጻፋት።

እኔ አልጻፍኳትም። ቦዲው ላይ አሮጌ የብሪጅ ቀዳዳዎች ነበሩ፣ ቀዳዳ ካለ ምን አደከመኝ ብዬ ብሪጁን እዚያው አሰርኩት። እቤት ክፍቱን ክር ስመታው ያምራል። ከዚያ ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠራን። ትዝታ ተጀመረ፣ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች በወጣሁ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ከቅኝቱ ይወጣል። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ዞር ብዬ አየሁት፣ ጥፋቱ የእሱ እንዲመስል። በነጋታው ስለካው ከነት እስከ ብሪጅ 850 ሆኖ ተገኘ። 14 ሚሊ ሜትር ጎድሎ 12ኛው ፍሬት ላይ የግማሽ ድምፅን ሩብ አልፎ ይስታል። ይሄን ደግሞ የብሪጁ ማስተካከያ ብሎን አያድነውም፣ የሚሄድበት ቦታ አጭር ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ትዕግስት ብቻ ይፈልጋል። አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች በኮላ በተነከረ ቀጭን እንጨት ድፈናቸው፣ ጠባብ ከሆኑ ስቴኪኒ ይበቃል። አሳድረው። የተረፈውን በመሮ ቆርጠህ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክልና እንደገና ለካ። ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበት ተንቀሳቃሽ መቀመጫ አለው፤ የቀጭኑን ክር መቀመጫ ወደ ፊት አስጠግተህ በ864 ላይ አውለው። የወፍራሞቹ መቀመጫ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ይኑረው።

ብሪጁን ከመብሳትህ በፊት ግን የክር ፈተና አለ፣ ይሄን የነገረኝ የለም። አንገቱን በሞርሳ ወይም በሰው እጅ ቦታው ላይ ያዘው። ሁለት የስፌት ክር ወስደህ በነቷ የዳርና የዳር ቦዮች አሳልፍና ብሪጁ ላይ በሁለቱ ዳር መቀመጫዎች ወጥር። አሁን ከላይ ሆነህ የመጨረሻው ፍሬት ጋ ተመልከት። ከግራ ክር እስከ አንገቱ ጠርዝና ከቀኝ ክር እስከ ጠርዙ ያለው ክፍተት እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ብሪጁን ወደ ጎን ግፋው፣ እኩል ሲሆን በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ብሳ። እኔ በመጀመሪያው ይሄን ስላልሰራሁ ቀጭኑ ክር ከፍሬቱ ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተ ይወድቅብኝ ነበር።

ቦዲ ከሌለህ ዋንዛ ፈልግ። አዲስ የተሰነጠቀ አትውሰድ፣ ሳይደርቅ ከሰራኸው በኋላ ይሰነጠቅብሃል። የድሮ ጠረጴዛ ወይም የአልጋ ራስጌ ቢገኝ እሰየው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ላለ አናጺ ሁለት ቁራጭ ዋንዛ ይዤ ሄድኩ፣ አጣብቆ 44 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ እንዲልግልኝ። "ምንድነው የምትሰራው፣ ከበሮ ነው ክራር?" አለኝ። "የሁለቱ ልጅ ነው፣ ጋሼ" አልኩት። ሳቀና ዋጋ ቀነሰልኝ። ቅርጹን ከሞተው ቦዲ ላይ በእርሳስ ገልብጠው። ሲቆርጡና ሲፍቁ አፍንጫህን ሸፍን፣ አቧራው ይቆጠቁጣል። ቦዲውን በጣም አታቅለው፣ አለዚያ ትከሻህ ላይ ስታንጠለጥለው በአራቱ ከባድ መቃኛ ጭንቅላቱ ወደ መሬት ይደፋል። ለዚህም የማንገቻው ቁልፍ ያለበት የላይኛው ቀንድ ወደ 12ኛው ፍሬት እንዲጠጋ አድርገህ አስረዝመው።

አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠልቃል። የአንገቱ ተረከዝ ስፋት 63 አካባቢ ነው፣ ግን ቅጂዎቹ ስለሚለያዩ የራስህን ለካ። ጠባብ ከሆነ ጎድጓዳውን በመሮ ጥረግ፣ አንገቱን አትንካ። ሰፊ ከሆነ ስስ የእንጨት ልጣጭ ጎኑ ላይ ለጥፍ፣ ካርቶን አትጠቅጥቅ። እዚህ ቦታ ላይ ቫርኒሽም አትቀባ።

አራቱን ቪቴዎች በተመለከተ፣ የቦዲው ቀዳዳ ቪቴው ሳይነክስ የሚያልፍበት ሰፊ ይሁን፣ የአንገቱ ግን ጠባብ፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጥሩ ነው። ቪቴው 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንገቱ ውስጥ የሚገባው 15 አካባቢ ነው። ፑንታው ላይ በዚያ ልክ ቴፕ ጠቅልል፣ ቴፑ እንጨቱን ሲነካ አቁም። አለዚያ በፍሬቶቹ በኩል ብቅ ይላል፣ ያኔ ማልቀስ ነው። ቪቴውን ደረቅ ሳሙና አስነካው፣ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ይገባልሃል።

ኤሌክትሪኩ ሰውን ያስፈራል፣ በከንቱ። ከፒክአፑ ሁለት ሽቦ ይወጣል። ድምፅ የሚይዘው ወደ ቮልዩሙ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩ የድምፅ ማዞሪያ፣ የዳር እግር ይሄዳል። የቮልዩሙ መሃል እግር ወደ ጃኩ፣ ማለትም ገመዱ ወደሚሰካበት፣ ጫፍ። ሌላኛው የዳር እግር በቮልዩሙ ጀርባ ላይ በሶልደር ይጣበቃል፣ ግራውንዱ እሱ ነው፣ የፒክአፑ ሁለተኛ ሽቦም እዚያው ይሄዳል። ድምፁን ለሚያደበዝዘው ማዞሪያ፣ ለቶን፣ ደግሞ ፒክአፑ ካረፈበት እግር ወደ ቶኑ መሃል እግር አንድ ሽቦ፣ ከቶኑ የዳር እግር ወደ ጀርባው 0.047 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር። ሁሉም ግራውንድ ተገናኝቶ ወደ ጃኩ፣ አንድ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ከብሪጁ ስር። ክሩን ስትነካ ጉምጉምታው ከቀነሰ ልክ ነህ፣ ከጨመረ የጃኩን ሁለት ሽቦዎች አቀያይር። አምፕሊፋየርህ ግን ግራውንድ ካለው ሶኬት ይሰካ፣ ክሩ እጅህን ከነዘረህ ወዲያው ንቀል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄደህ ቮልዩም ብትጠይቀው ከአሮጌ ራዲዮ ነቅሎ ይሰጥህ ይሆናል። ብዙዎቹ 10 ወይም 50 ኪሎ ኦም ናቸው፣ የፒክአፑን ቀጭን ድምፅ ይበሉታል፣ ቤዝህ ብርድ ልብስ ስር ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። 250 ኪሎ ኦም የተጻፈበት ፈልግ። ፒክአፖችን ከተለያዩ ቤዞች ከቀላቀልክ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ስትከፍት ድምፁ ቀጥኖ ሊጠፋ ይችላል። አልተበላሸም፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ ነው። የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ብቻ አዟዙር።

ውፍረቱ በኢንች ሺኛ ከ45 እስከ 105 የሆነ የክር ስብስብ ለ34 ኢንች ይሆናል። አጥብቀህ ስትቃኘው አንገቱ ትንሽ ይጎብጣል። ወፍራሙን ክር አንደኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ 7ኛው ጋ እይ፣ ክሩና ፍሬቱ መሃል አንድ ቢዝነስ ካርድ ማለፍ አለበት። ካልሆነ ትራስ ሮዱን ሩብ ዙር ብቻ አዙርና ቃኝተህ እንደገና ለካ። የክሩ ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ከሆነ ጣትህም አይደክም፣ ክሩም አይንጫጫ። ከዚያ 12ኛውን ተጭነህ ምታ፣ ቀጥሎ እዚያው ላይ በጣትህ ነካ ብቻ አድርገህ ምታ። የተጫንከው ከቀጠነ መቀመጫውን ወደ ኋላ፣ ከወፈረ ወደ ፊት። የስልክ መቃኛ ወፍራሙን ክር አልሰማ ካለህ፣ 41 ኸርዝ ነውና ብዙ ጊዜ አይሰማውም፣ ያንኑ የተነካውን ድምፅ አሰማው።

ስለ አየሩ ካልነገርኩህ ትረግመኛለህ። በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ ደሴ ላይ ያስተካከልከው አንገት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስትገባ ሌላ አንገት ነው። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ እንጨቱ ግን ያውቀዋል። ስትደርስ ከቦርሳው አውጥተህ ግማሽ ሰዓት አሳርፈው፣ ከዚያ ቃኝ። ሌላው ሻይ ሲጠጣ ባቲንና አምባሰልን ከታች እስከ ላይ ሂድባቸው፣ የሚንጫጫ ፍሬት ካለ ያኔ ይታወቃል። የመቃኛዎቹን ቪቴዎችም ከሳምንት በኋላ በካቻቢቴ አንዴ ጠበቅ አድርጋቸው፣ አዲስ እንጨት ውስጥ ይላላሉ።